ቢቢሲን ማን ወለደው? የአንድ ጥያቄና የ34 መልሶቹ ነገር

የውይይቱን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋቱም የኔ ነው። ቅዳሜ ማታ የጠጣሁት ቡና እንቅልፍ ሲከለክለኝ፣ የድሮ ሬዲዮ ወዳጆች በምንሰባሰብበት መድረክ ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ ለጠፍኩ። ያልኩት ይህን ነበር፦ የብሪታንያን ሬዲዮ፣ ቢቢሲን፣ መንግሥት መሠረተው፣ ሕዝብ ለማስተማር ብሎ አሳደገው፣ በኋላ ያለ ፈቃድ ከመርከብ የሚያሰራጩ የባሕር ላይ ወንበዴ ጣቢያዎች መጥተው በዘፈንና በማስታወቂያ አበላሹት። መጨረሻ ላይ የሚስማማ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ለወጉ ያህል ነው እንጂ የሚቃወም ይኖራል ብዬ አልነበረም። እሁድ ጠዋት ስነሳ 11 መልስ ተደርድሮ ጠበቀኝ፤ እስከ ረቡዕ 34 ደረሰ።

ክሩ ስለረዘመ፣ አዲስ ለሚገቡ ሰዎች እንዲቀል የተባለውን በየመልሱ ቁጥር በራሴ ቃል አስቀምጣለሁ። እንዳለ አልገለብጠውም። አንዳንዱ ሊገለበጥ የሚገባው አይደለም።

1 ቁጥር ሁልጊዜ ቀድመው የሚመርቁን ሰው ናቸው። ከደሴ የሚጽፉ ጡረተኛ የታሪክ መምህር ሲሆኑ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሐሳቤን እንደሚደግፉ፣ በልጅነታቸው ቤታቸው ውስጥ ሎንዶን ተናገረ ከተባለ ክርክር ያበቃ እንደነበር ጻፉና ዕድሜና ጤና ተመኝተውልኝ ወጡ። 2 ቁጥር፣ ጋሼ ካሉ እኔም አለሁበት የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። እስከዚህ ድረስ ዓለም ሰላም ነበረች።

3 ቁጥር እንግሊዝ አገር የሚኖር የማሰራጫ መሐንዲስ ነው። በጣም ጨዋ ሰው ነው፤ የሚያርደው ይቅርታ ጠይቆ ነው። እንደ እሱ አገላለጽ ቢቢሲ የተወለደው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆኖ ሳይሆን ኩባንያ ሆኖ ነው። በጥቅምት ወር 1922 ማርኮኒ፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ ሜትሮፖሊታን ቪከርስና ሌሎች ሦስት ትልልቅ የሬዲዮ ዕቃ አምራቾች ተጣምረው አቋቋሙት። ሰዎቹ የሚሸጡት መቀበያ ነበር። የሚሰማ ነገር የሌለበት መቀበያ ደግሞ ባዶ ሣጥን ስለሆነ የሚሰማውንም ራሳቸው ማዘጋጀት ግድ ሆነባቸው። የአየር ሞገድ ፈቃድ የሚሰጠው ፖስታ ቤት በበኩሉ፣ አሜሪካ ውስጥ እንደታየው አንዱ ጣቢያ በሌላው ላይ እየጮኸ ሞገዱ እንዲታወክ ስላልፈለገ ለብዙዎች ከመፍቀድ ለአንድ ጥምር ኩባንያ መፍቀድን መረጠ። ገቢው ሁለት ነበር፦ አድማጭ በዓመት ለፖስታ ቤት ከሚከፍለው 10 ሺሊንግ ግማሹ፣ ሌላው ደግሞ ከእያንዳንዱ የተሸጠ መቀበያ ላይ የሚቆረጥ። በንጉሣዊ ቻርተር የሕዝብ ተቋም የሆነው በ1927 የመጀመሪያ ቀን ነው። ኩባንያው ወደ ኮርፖሬሽን ሲለወጥ የስሙ ፊደላት ስላልተለወጡ እንደኔ ያለ ሰው ቢሳሳት እንደማይፈረድበትም ጨመረ። ከሁሉ ያናደደኝ ይህ ማጽናኛው ነው።

4 ቁጥር ግን 1922 የሚለውን በራሳችን አቆጣጠር አነበበው። ንግሥት ዘውዲቱ ባረፉበት ዓመት ቢቢሲ ተወለደ ማለት ነው ብሎ በግጥምጥሙ ተደነቀ። 5 ቁጥር ሳትስቅበት አረመችው። የመጀመሪያው የቢቢሲ ስርጭት ኅዳር 14 ቀን 1922 የተባለው በፈረንጅ ነው፤ በእኛ ኅዳር 5 ቀን 1915 ይሆናል፤ ንግሥቲቱም ገና በዙፋን ላይ ነበሩ። ከዚህ በኋላ በክሩ ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. መሆኑን ተስማማን። የተስማማነው በዚህ ብቻ ነው።

6 ቁጥር፣ እንደገና መሐንዲሱ፣ ከቢቢሲ በፊት የነበረውን አመጣ። ሰኔ 15 ቀን 1920 አውስትራሊያዊቷ የኦፔራ ዘፋኝ ኔሊ ሜልባ ቼልምስፎርድ በሚገኘው የማርኮኒ ፋብሪካ ዘፈነች። ከጥቂት ወራት በኋላ ፖስታ ቤት የአውሮፕላን ግንኙነት ይረብሻል ብሎ ስርጭቱን ከለከለ። በየካቲት 1922 እዚያው አቅራቢያ፣ ሪትል በሚባል መንደር፣ ከአንዲት የቀድሞ የጦር ሠራዊት ጎጆ ውስጥ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ግማሽ ሰዓት እንዲያሰራጩ ተፈቀደላቸው። የጎጆዋ መሪ ፒተር ኤከርስሊ መሐንዲስ ሆኖ ሳለ ማይክሮፎን ፊት ሲቀርብ ቀልደኛ ይወጣው ነበር፤ የኦፔራ ዘፋኞችን እያስመሰለ ያላግጥ ነበር። በኋላ የቢቢሲ ዋና መሐንዲስ ሆነ። በ1929 ሥራውን የለቀቀው ግን ስለ ማሰራጫ ተጣልቶ አይደለም። ትዳሩ በመፍረሱ ነው። የበላዩ፣ የቢቢሲ ዋና ዳይሬክተር ጆን ሪዝ፣ እንዲህ ያለውን ነገር የሚታገሥ ሰው አልነበረም።

ከክሩ ሁሉ የወደድኩት 7 ቁጥርን ነው። ሎንዶን አጠገብ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ለዓመታት የሠራች እህታችን ነች። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አንዲት ሴት ትንከባከብ ነበር፤ ሴትየዋ ምሳቸውን ይረሳሉ፣ የአባታቸውን ሬዲዮ ግን አይረሱም። ሬዲዮው የክሪስታል ነበር፤ ባትሪም መብራትም አይፈልግም። አንዲት ፍሬ የምታህል የሚያብረቀርቅ ማዕድን ላይ፣ እንግሊዞች የድመት ጢም የሚሏት ቀጭን ሽቦ ትነካለች። አባትየው ትንፋሹን ውጦ በሽቦዋ ጫፍ የማዕድኑን ገጽ እየነካካ ድምፅ የምትሰጠውን ነጥብ ይፈልጋል። አንድ ሰው በር ሲዘጋ ነጥቧ ትጠፋለች፤ ቁጣ ይሆናል፤ እንደገና ይፈለጋል። የጆሮ ማዳመጫው አንድ ብቻ ስለነበር እናትየው ሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ታስቀምጠውና ልጆቹ ጭንቅላታቸውን ሳህኑ ዙሪያ ሰብስበው ከውስጥ እንደ ጉንዳን የሚያንሾካሹክ ሙዚቃ ይሰሙ ነበር። በኋላ በቱቦ የሚሠራ ትልቅ ሬዲዮ ሲገዙ አሲድ የተሞላ የመስታወት ባትሪ መጣ። በየሳምንቱ ወደ ሱቅ ወስዶ ማስሞላት የሴትየዋ ሥራ ነበር፤ ካልሲዬን ያቃጥለዋል ብለው እጃቸውን ዘርግተው ከሰውነታቸው አርቀው ይሸከሙት ነበር። እህታችን እንደጻፈችው ሴትየዋ ይህን ሲያወሩ ዛሬም እጃቸውን ይዘረጉ ነበር።

ከዚህ በኋላ ክሩ ለጥቂት ጊዜ ከእንግሊዝ ወጣ። 8፣ 9 እና 10 ቁጥር ስለ ሬዲዮ ድንጋይ ናቸው። ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት በእርግጥ ነፍስ ይዘራል ወይስ አይዘራም፤ ሬዲዮውን በቆዳ ልብስ ማልበስ ከአቧራ ይጠብቃል ወይስ ለክብር ብቻ ነው። እኔ ራሴ ቆርቆሮ ላይ ድንጋይ ያሰጣሁ ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ አነበብኩ። 11 ቁጥር መሐንዲሱ ነው፤ ሙቀት ያለቀ ድንጋይን ለጥቂት ጊዜ ያነቃቃዋል እንጂ አይሞላውም ብሎ ጨዋታውን ዘጋው።

12 ቁጥር ወደ ጉዳያችን መለሰን። ቢቢሲ መጀመሪያ ዜና የማሰራጨት ነፃነት አልነበረውም። ጋዜጣ አሳታሚዎች ገበያችንን ያጠፋል ብለው ስላስጨነቁ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ዜና እንዳያነብ ተገደደ፤ የሚነበበውም ከዜና ወኪሎች የተገዛ ነበር። በመጀመሪያው ምሽት አርተር በሮውዝ ዜናውን አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘገም አድርጎ ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ የትኛው እንደሚሻል አድማጮቹን ጠይቋል። ይህን ሳነብ፣ ዛሬ እንደ ጥይት የሚተኩሱ አንባቢዎቻችን አንድ ቀን እንኳ ይህን ጥያቄ ቢጠይቁን ብዬ ተመኘሁ።

ግጭቱ የተነሣው 13 ቁጥር ላይ ነው። ጋሼ ተመለሱና ኩባንያ መሆኑን ተቀበሉ፤ ነገር ግን ዋናው ቁም ነገር ነፃነቱ ነው አሉ። ማስረጃቸው በግንቦት 1926 የተደረገው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ነበር። ጋዜጣ መታተም አቆመ፤ አገሩ ሬዲዮ ብቻ ቀረው። ያኔ የገንዘብ ሚኒስትር የነበረው ቸርችል መንግሥት ጣቢያውን ይውረስ ሲል ሪዝ ተቋቁሞ አስቀረ። 14 ቁጥር አጨበጨበላቸው።

15 ቁጥር አሜሪካ የሚኖር ወጣት ነው። የእንግሊዝን ሠራተኞች ታሪክ በደንብ አንብቧል፤ ትሕትናን ግን አላነበበም። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሁለቱም ወገኖች እንዲደራደሩ የሚጠይቅ መልእክት ሊያሰሙ ሲሉ ሪዝ እንዳልፈቀደ፣ የተላለፈውም አድማው ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው እንደሆነ፤ የሌበር ፓርቲ መሪ ራምሴ ማክዶናልድ ለመናገር ጠይቆ እንደተከለከለ ዘረዘረ። ጨምሮም ሪዝ በዕለት ማስታወሻው ላይ፣ መንግሥት እኛን የሚያምነን ከልባችን ገለልተኛ እንደማንሆን ስለሚያውቅ ነው የሚል አሳብ እንዳሰፈረ አስታወሰ። 16 ቁጥር ጋሼ መለሱ፤ ቢያንስ የሠራተኛ ማኅበራቱ መግለጫ በዜና ይነበብ እንደነበር፣ ይህም በዚያ ዘመን ትንሽ ነገር እንዳልሆነ። አነጋገራቸው እንደ ወትሮው የታረመ ነበር፤ ምርቃቱ ግን የለም።

17 ቁጥር ላይ ልጁ እርስዎን ትቶ አንተ አለ።

18 ቁጥር ስለ ሬዲዮ አንድም ቃል የለውም፤ ስለ አስተዳደግ ብቻ ነው። 19 ቁጥር በስክሪን ላይ ሁላችንም እኩል ነን፣ ሽበት አይታይም የሚል ነው። 20 ቁጥር እኔ ነኝ፤ አወያይ እንደመሆኔ ሁለቱንም ወደ 1926 እንዲመለሱ ለመንኩ። በግሌ የማምነውን ያኔ አልጻፍኩም፤ አሁን ልጻፈው። ልጁ አፉ ይበላሽ እንጂ ማስረጃው አይነቀነቅም፤ መንግሥት ጣቢያውን ያልወረሰው መውረስ ስላላስፈለገው ነው። ጋሼም ፈጽሞ አልተሳሳቱም። ያ ሳምንት ባያልፍ ኖሮ በሚቀጥለው ዓመት ቻርተር የሚሰጠው ጣቢያ ባልኖረም ነበር። ለዚያ መትረፍ የተከፈለው ዋጋ ግን የማክዶናልድ ዝምታ ነው።

21 ቁጥር ነገሩን ለማብረድ የገባ ይመስለኛል። ሚያዝያ 18 ቀን 1930 ማታ አድማጭ ዜና ሲጠብቅ አንባቢው ዜና እንደሌለ ብቻ ተናገረ፤ የቀረው ጊዜ በፒያኖ ተሞላ። ዕለቱ ስቅለት ነበር። 22 ቁጥር፣ ያችው 5 ቁጥር የነበረችው ስሌት የማይጠፋባት እህት፣ ይህ ቀን በእኛ ሚያዝያ 10 ቀን 1922 መሆኑን አሰላች። ንግሥት ዘውዲቱ ካረፉ ገና 16 ቀናቸው፣ በአንቺም ጦርነት ራስ ጉግሣ ከወደቁ ደግሞ 18 ቀን ነው። እንግሊዞች ዜና የለም ሲሉ የማን ዜና ማለታቸው እንደሆነ ጠየቀች። 4 ቁጥር ይህን ሲያነብ በመጀመሪያው ቀን ስሕተቱ ሳይካስ አይቀርም፤ ዘውዲቱንና ቢቢሲን በ1922 ያገናኘው እሱ ነበርና።

23 ቁጥር ደግሞ የእኛ ዜና በእንግሊዝ ሬዲዮ ላይ የራሱን አሻራ እንደተወ አሳየ። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር ከባሪ ከተማ ጣቢያዋ በዓረብኛ ብሪታንያን የሚያጥላላ ስርጭት ማጠናከር ጀመረች። ቢቢሲ የመጀመሪያውን የውጭ ቋንቋ አገልግሎት፣ ያውም በዓረብኛ፣ ጥር 3 ቀን 1938 የከፈተው ለዚህ መልስ ለመስጠት ነው። በመጀመሪያው ዕለት ዜና ውስጥ እንግሊዞች ራሳቸው ፍልስጤም ውስጥ አንድ ዓረብ በስቅላት መቅጣታቸው ተነበበ። የውጭ ጉዳይ ሰዎች ተንጨረጨሩ፤ አድማጩ ግን ጣቢያው የራሱን መንግሥት የማይጠቅም ዜናም እንደሚያነብ በዚያው ቀን ሰማ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ያን ጊዜ በእንግሊዝ ባዝ ከተማ በስደት ነበሩ።

24 ቁጥር ለጋሼ የቀረበ ቀላል ጥያቄ ነበር፤ አባታቸው ሎንዶንን የሚሰሙት በምን ቋንቋ ነበር? ቢቢሲ አማርኛ የጀመረው ከአፋን ኦሮሞና ከትግርኛ ጋር በመስከረም 2017 ነው። ከዚያ በፊት በአማርኛ ይሰማ የነበረው ከጀርመን በ1965፣ ከአሜሪካ በ1982 የተጀመረው ነው እንጂ የሎንዶን አይደለም። 25 ቁጥር ጋሼ ያላሰብነውን አወጡ። አባታቸው እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ጎረቤታቸው ዓረብኛ የሚያውቁ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ማታ ማታ ነጋዴው በረንዳ ላይ ሬዲዮውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው የሎንዶንን ዓረብኛ ይሰማሉ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰምተው አንድ ይተረጉማሉ፤ ሦስተኛው በመሐል ያመልጣቸዋል። ያመለጠውን የሰፈሩ ሰው ራሱ ይሞላዋል። ክርክርን ያቆም የነበረው ሎንዶን ይሄ ነበር። ከዚህ መልስ በታች ልጁ፣ 15 ቁጥር፣ 26 ሆኖ ተመልሶ መጣና እርስዎ ብሎ አመሰገናቸው። ይቅርታ የሚል ቃል ግን አልጻፈም፤ ጋሼም አልጠየቁትም።

የቀረኝ ስለ ወንበዴዎቹ ያልኩት ነበር። 27 ቁጥር እሱንም ወሰደብኝ። መሐንዲሱ እንዳለው ቢቢሲ አድማጩን ያጣው ወንበዴዎቹ ሳይመጡ በፊት ነው። ሪዝ እሁድን ለስብከትና ለከባድ ሙዚቃ ስለሰጠ ከ1931 ጀምሮ ከፈረንሳይ የባሕር ጠረፍ ሬዲዮ ኖርማንዲ፣ ከ1933 ደግሞ ሬዲዮ ሉክሰምበርግ በእንግሊዝኛ ዘፈንና ማስታወቂያ ያሰራጩ ነበር። ከፋዮቹ የእንግሊዝ አምራቾች ናቸው። እኛ በቆርቆሮ የምናውቀው ኦቫልቲን በ1935 ሉክሰምበርግ ላይ የራሱ የልጆች ማኅበር ነበረው። ከጦርነቱ በኋላም ወጣቶች ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው፣ መጣ ሄደ የሚለውን የሉክሰምበርግ ድምፅ ያሳድዱ ነበር።

28 ቁጥር በ1964 የፋሲካ ሰሞን ላይ ደረሰ። ሮናን ኦራሂሊ የተባለ አየርላንዳዊ መርከብ ገዝቶ፣ ማማ ተክሎ፣ ሕጉ ከማይደርስበት ከሦስት ማይል ውጭ ቆመና ሬዲዮ ካሮላይንን ከፈተ። ቢቢሲ ሸክላ የሚያጫውትበት ሰዓት ከሙዚቀኞች ማኅበርና ከሸክላ አሳታሚዎች ጋር ባለው ስምምነት የተገደበ ነበር፤ መርከቡ ላይ ግን ሸክላው ሌሊትና ቀን ይዞራል። የፓርላማው ሕግ ከነሐሴ 1967 ጀምሮ በመርከቦቹ ላይ ማስታወቂያ ማስነገርንና ስንቅ ማቀበልን ወንጀል አደረገ። ሰባት ሳምንት ሳይሞላ፣ መስከረም 30፣ ቢቢሲ ራሱ ሬዲዮ 1 የተባለ የወጣቶች ጣቢያ ከፈተ። የመጀመሪያውን ፕሮግራም ያቀረበው ቶኒ ብላክበርን ነበር፤ ከመርከቦቹ የወረደ ሰው። አበላሹት ያልኩትን ቢቢሲ ደመወዝ ከፍሎ እንደቀጠረው ሲነግረኝ መሐንዲሱ ይቅርታም አልጠየቀኝም።

29 ቁጥር በዋናው የብሪታንያ ምድር የንግድ ጣቢያ የተከፈተው በጥቅምት 1973 ሎንዶን ውስጥ ነው አለ፤ 30 ቁጥር የማን ደሴት ከ1964 ጀምሮ እንደነበራት አረመው፤ እሱም ደሴቷ የዩናይትድ ኪንግደም አካል አይደለችም ብሎ ተመለሰ። 31 ቁጥር ስለ አነጋገር ነው፦ በ1941 የዮርክሸር ቅላጼ ያለው ዊልፍሬድ ፒክልስ ዜና ሲያነብ አድማጮች አዘኑ፤ ዜናውን አናምነውም ያሉም ነበሩ። ከዚያ የጎጃምና የወሎ ቅላጼ ተነሣና ያንን አልፌዋለሁ።

ማክሰኞ ማታ ተሸንፌ የመክፈቻ ጽሑፌን አስተካከልኩ። ቢቢሲን መቀበያ ሻጮች መሠረቱት፤ ኅዳር 14 ቀን 1922 በፖስታ ቤት ፈቃድ ሥራ ጀመረ፤ ወንበዴዎቹም አላበላሹትም አልኩ። 32 ቁጥር ጋሼ መረቁኝ። 33 ቁጥር መሐንዲሱ፣ እጅግ አድርጎ ይቅርታ ጠይቆ፣ በዚያ ምሽት ስምምነት እንጂ የኩባንያው ፈቃድ እንዳልነበረ አስታወሰኝ፤ ፈቃዱ የተፈረመው ጥር 18 ቀን 1923 ነው።

34 ቁጥር ከቅዳሜ ጀምሮ ድምፁ ያልተሰማው 2 ቁጥር ነው። እነዚያን ሁለት ወራት ቢቢሲ ራሱ ወንበዴ ነበር ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። መሐንዲሱ እስካሁን አልመለሰም።